የየኔታ ካሴትና ባለ 14 እግሩ አይሲ

ካሴቱ የመጣው በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች የቴፕና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ፣ ባለቤቱ ቋጠሮውን ፈቱና ባለ 60 ደቂቃውን ካሴት ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት። በጎኑ የተለጠፈው ወረቀት ደብዝዟል፤ «የኔታ፣ የጥምቀት» ከሚለው በቀር የሚነበብ የለም። እስክሪብቶ በጥርሱ ቀዳዳ አስገብተው ቀስ ብለው አዞሩት።

«ክሩ ደህና ነው። የለቀቀው ስፖንጁ ነው» አሉ።

«አያ፣ ሌላ ቅጂ የለም» አለ ካሴቱን ያመጣው ልጅ። «አጎቴ ሊበን ከየኔታ ዘንድ ሲማር የቀዳው ነው። የኔታ አርፈዋል።»

ልጁ ባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚያሻግር ሰሌዳ ራሱ ሠርቶ በመመረቂያ ሥራነት ሊያቀርበው አስቧል። ስልኩ ላይ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጡ የሦስት አይሲዎች ስም ጽፎ መጥቷል፤ ወደ ጠጋኙ ያመጣው ግን የአይሲ ጥያቄ አልነበረም። የፈለገው ካሴቱን ሳይበጥስ የሚያጫውት ቴፕ ነው። የአይሲውን ነገር ያነሡት ጠጋኙ ናቸው።

ካሴቱ ለምን እንዲህ እንደታዘነለት ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ ይቀርባል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። በሁለት ቤት የምታልቀው ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ ሰሚው ልብ ውስጥ ካልቀሩ የትም አይቀሩም። የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣቱ ትልቅ ሥራ በ1973 ተጀምሯል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለድምፅ ግን እንዲያ ያለ ሰፊ ዘመቻ ስላልተደረገ፣ ብዙው የቅኔ፣ የዜማና የሠርግ ማሲንቆ ቅጂ ዛሬም ያለው በየቤቱ ሣጥንና በየቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ነው።

አንድ አጋጣሚ ደግሞ አለ። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በርሊን ላይ ለዓለም ያሳየው በ1963 ነው። በዚያው ዓመት ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ቀጂው፣ መሐንዲሱና የታሪክ ጠባቂው የአንድ ዓመት ልደተኞች ናቸው ማለት ነው፤ እስከዛሬ በደንብ አለመተዋወቃቸው እንጂ።

ባሕር ዳር ከካሴት ጋር ሌላም ታሪክ አላት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋህደው አንድ ካሴት ቀርጸው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና ወጣ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲያሽከረክሩ የነበሩት ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። ከገበያ ላይ የተነሣ አንድ ካሴት ይህን ያህል ይሠራል። ያ ካሴት ከክር ወደ ቁጥር የተሻገረውም ከጥፍር በማይበልጥ አንድ አይሲ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለውምና።

የአይሲው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ክሩን ከሚያነበው የቴፕ ሄድ የሚወጣው ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ግፊት ነው፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ለዋጩ ግፊቱን በሴኮንድ 48 ሺህ ወይም 96 ሺህ ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በቁጥር ይጽፋል። ስቴሪዮ የሚባለው አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ የሚሠሩ ሁለት ለዋጮች በአንድ ልባስ ሲገቡ ነው።

አለካኩ ግን ያስገርማል። የዛሬዎቹ የድምፅ ለዋጮች አብዛኞቹ ዴልታ ሲግማ በሚባለው ዘዴ ይሠራሉ፤ ዘዴውን በ1962 ያቀረቡት ኢኖሴ፣ ያሱዳና ሙራካሚ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው። የቡሬ እህል ነጋዴ ሚዛኑን ሲያስተካክል ማየት ነው፤ እፍኝ ይጨምራል፣ በዛ፤ ይቀንሳል፣ አነሰ። ለዋጩም «በለጠ ወይስ አነሰ?» ከሚል ጥያቄ ሌላ አያውቅም። ግን በሴኮንድ 48 ሺህ ልኬት ለማውጣት ጥያቄውን 64 እጥፍ ያበዛዋል፤ በሴኮንድ 3,072,000 ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መጠያየቅ የሚፈጠረውን ስሕተት ጆሮ ወደማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይገፋና በማጣሪያ ይቆርጠዋል። የቀረው ንጹሕ ቁጥር ነው።

ልጁ ስልኩን ዘረጋ። አንደኛው ፒሲኤም 4220 ነው፤ 123 ዴሲቤል። ሁለተኛው ሲኤስ 5381፤ 120። ሦስተኛው ፒሲኤም 1808፤ 99 ብቻ። ዴሲቤሉ በትልቁ ድምፅና አይሲው ራሱ በሚያሰማው ሹሽታ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ በየ20 ዴሲቤሉ ልዩነቱ 10 እጥፍ ይሆናል። ልጁ ልቡ ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ጠጋኙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና፣ «ይሄ ቁጥር የአይሲው ነው። የካሴቱስ ስንት ነው?» አሉ።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ መነሻ ነው። ተራ ካሴት፣ ሹሽታ መቀነሻ ሳይኖረው የተቀዳ ከሆነ፣ ከ50 እስከ 55 ዴሲቤል ነው። ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በሴኮንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ክር ላይ ሁለቱም ጎን፣ ግራና ቀኝ ሳይነካኩ አራት መስመር ሆነው ይኖራሉ። እንግዲህ ከ99 ላይ 55 ሲቀነስ 44 ይተርፋል። የኔታ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እንዳይቆረጥ 20 ዴሲቤል መጠባበቂያ ቢተው እንኳ 24 አለ። በዚህ ልክ የአይሲው ሹሽታ ከክሩ ሹሽታ ከ15 እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ማንም ጆሮ አይለየውም። 123 ዴሲቤሉ አይሲ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የቡሬን በርበሬ በወርቅ ሚዛን ማስመዘን ይሆናል፤ ሚዛኑ ልክ ነው፣ ዕቃው ግን በርበሬ ነው።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት ሌላም ቁጥር አለ። ሦስቱም አይሲዎች «24 ቢት» ይባላሉ። 24 ቢት በወረቀት ላይ 146 ዴሲቤል ነው፤ እዚያ የሚደርስ ግን ከሦስቱ አንድም የለም። 99 ዴሲቤሉ አይሲ ከ16 ቢት ትንሽ ያልፋል፤ ከዚያ በታች የሚጽፋቸው ቢቶች የራሱ ሹሽታ ናቸው። ስለዚህ የአይሲው መግለጫ (ዳታ ሺት) ሲነበብ ከፊት ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቢት ታልፎ፣ ውስጥ ባለው ሠንጠረዥ ያለው ዴሲቤል ይታያል።

ጠጋኙ ከመሳቢያቸው የድሮ ሬዲዮ ሰሌዳ አወጡና ከልጁ ስልክ አጠገብ አስቀመጡት። «በየትኛው ካውያ ልትበይደው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ፒሲኤም 1808 እግሩ 14 ነው፤ ከአንዱ እግር እስከ ቀጣዩ 0.65 ሚሊ ሜትር። ጫፉ የሾለ ካውያ፣ ማጉያ መነጽርና እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ካለ በእጅ ይበየዳል። ፒሲኤም 4220 ግን 48 እግሮቹን በአራቱም ጎን ደርድሮ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ትቶ ይመጣል። ለአናሎግ ክፍሉ 4 ቮልት የሚባል በየሱቁ የማይገኝ ግፊት ይፈልጋል። ድምፁንም በአንድ ሽቦ አይቀበልም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በሚወርድ ጥንድ ሽቦ ነው የሚቀበለው፤ ካሴት ማጫወቻ ደግሞ የሚሰጠው አንድ ሽቦ ነው። ሲኤስ 5381ም በጥንድ ሽቦ በኩል ያው ነው። በመሐል ጥንዱን የሚሠራ ሌላ ሰርኪዩት ይጨመራል፤ ያ ሰርኪዩት በደንብ ካልተሠራ የተገዛው 123 ዴሲቤል እዚያው ይቀራል።

1808 ይህን አያበዛም። 5 ቮልት ለአናሎጉ፣ 3.3 ቮልት ለዲጂታሉ ይበቃዋል። በአንድ ሽቦ ይቀበላል፤ መግቢያው እስከ 3 ቮልት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይችላል፤ ይህም ለቤት ቴፕ መስመር ከበቂ በላይ ነው። በሶፍትዌር የሚታዘዝ ነገር የለውም፤ አንዳንዶቹን እግሮች ወደ ቮልቱ ወይም ወደ መሬት በማሰር ብቻ ሥራው ይወሰናል። ለአንድ ተማሪ የመጀመሪያ ሰሌዳ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ፊሊፕስ በ1986 ባወጣው አይ-ቱ-ኤስ በሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ራስቤሪ ፓይ ወይም ኢኤስፒ 32 የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይቀበሉታል።

የሚያስፈልገው አንድ ነገር ቢኖር የተረጋጋ ሰዓት ነው። በሴኮንድ ለ48 ሺህ ናሙና (ልኬት) 12.288 ሜጋ ኸርዝ የሚሰጥ ክሪስታል ኦሲሌተር፣ ለሲዲው 44.1 ሺህ ከሆነ 11.2896። ቁጥሮቹ እንግዳ ቢመስሉም ናሙናውን በ256 ማባዛት ነው። ሰዓቱ የሚወላገድ ከሆነ ልኬቱ ቦታውን ይስታል፤ ድምፁም ይሻክራል። ብዙ ጀማሪ አይሲው ላይ ተጨንቆ እዚህ ላይ ይዘናጋል።

ደግሞስ አይሲው ይገኛል ወይ? ምርጫ ከገበያ ውጭ አይደለም። በኦክቶበር 20 ቀን 2020 በጃፓን ሚያዛኪ፣ ኖቤኦካ ከተማ ያለው የአሳሂ ካሴይ ማይክሮዴቫይስስ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ እሳቱ ለቀናት አልጠፋም። ለዓለም ስቱዲዮ ዕቃ አምራቾች ከትልልቆቹ የድምፅ ለዋጭ ምንጮች አንዱ ያ ነበር። ዋጋ ናረ፤ በኤኬ ስም የሚጠሩትን የፋብሪካውን አይሲዎች ይዘው ሰሌዳ የነደፉ ታዋቂ አምራቾች ሳይቀሩ ንድፋቸውን አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። ከሚያዛኪ እሳት ጎጃም ምን አገባው ይባል ይሆናል፤ የሚያገባው እንዲህ ነው፦ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው አንድ አይሲ የሚያስመጣው መንገደኛ ለምኖ ነው። ያ አይሲ ቢቃጠልበት ሁለተኛውን በምን ያገኛል? 1808 እዚህም ይረታል። ርካሽ ነው፤ ዝግጁ ሰሌዳ ላይ ተበይዶም ይሸጣል። ሦስት አስመጥቶ አንዱን ማቃጠል ይቻላል፤ ጀማሪ ደግሞ አንድ ማቃጠሉ አይቀርም።

የፍኖተ ሰላሙ ክርክር ከሁሉ የበለጠ የቆየው በመብራት ላይ ነው። ልጁ ሰሌዳውን በስልክ ቻርጀር ሊያስነሣው ነበር። ጠጋኙ አልተስማሙም። ቻርጀር ግፊቱን የሚሰጠው በሴኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆረጠ ነው፤ ቁርጥራጩ ድምፅ ውስጥ ይገባል። ቴፑም ኮምፒዩተሩም ከአንድ ሶኬት ሲነሡ ደግሞ በመሬት ሽቦው የሚዞረው የ50 ኸርዝ መብራት «እምምም» የሚል ድምፅ ይዞ ይመጣል። ይህ እምምታ አንዴ ከተቀዳ የሽማግሌን ወፍራም ድምፅ ሳይነኩ መንቀል ከባድ ነው።

መፍትሔው መደርደሪያቸው ላይ ነበር። ከሞተ ስታቢላይዘር ከነቀሏቸው ዕቃዎች መካከል ሦስት እግር ያላትን ጥቁር 7805 አነሡና በጣታቸው አበሷት። ይህቺ በየወዳደቀው ሰሌዳ ላይ የምትገኝ ዕቃ ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ 5 ቮልት ታወጣለች፤ አትቆርጥም፣ ትርፉን በሙቀት ትጥለዋለች። ከጎኗ ሁለት ካፓሲተር፣ ከእሷ ቀጥሎ 3.3 ቮልት የምትሰጥ እኅቷ። ቴፑም በባትሪው ይነሣል፤ ላፕቶፑ ከቻርጀር ይነቀላል። በገጠር መብራት ስለሌለ የተገዛው ሶላር፣ ለድምፅ ቀረጻ ከከተማው መብራት የተሻለ ሆኖ አረፈው።

ከዚያ ወደ ቴፑ ዞሩ። ስፖንጁን ከሌላ ባዶ ካሴት ነቅለው ቀየሩ። የላላውን ላስቲክ ለወጡ፤ ሄዱን በአልኮል በነካ ጥጥ ጠረጉት። ካሴቱ ገባ። የኔታ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸው ታፍኖ ተሰማ።

ልጁ ፊቱ ወደቀ። ጠጋኙ ግን ትንሽዋን መፍቻ ከሄዱ ጎን ባለችው ብሎን ላይ አሳርፈው፣ ግራና ቀኙን በአንድ ላይ ቀላቅለው እያዳመጡ፣ ከሩብ ዙር በታች ቀስ አድርገው አዞሩ። ድምፁ ተገለጠ። መጀመሪያ የተሰማችው «ሰ» ናት፤ ቀጥላ «ጸ»። የግእዙ ቃል ጠርዝ አወጣ።

ይህ ብሎን ሄዱ ክሩን የሚነካበትን ዘንበል ይወስናል። የቀዳው ቴፕ ሄድ በትንሹ አዘንብሎ ከነበረ የሚያጫውተውም እንደዚያው ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። እዚህ የጠፋውን ድምፅ ደግሞ 99 ዴሲቤሉም 123 ዴሲቤሉም አይሲ አይመልሰውም። በዚያች መፍቻ የተገኘው ለውጥ፣ ልጁ ከስልኩ ዝርዝር አይሲ በመቀየር ሊያገኝ ይችል ከነበረው ሁሉ ይበልጣል።

ይህ ማለት ትልልቆቹ አይሲዎች ለከንቱ ተሠሩ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለመዝገብ ቤቶች ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 48 ሺህ ናሙናና 24 ቢት፣ ይመረጥ ከሆነም 96 ሺህ ይላል፤ ለለዋጩም በጆሮ ሚዛን 117 ዴሲቤል ይጠይቃል። መዝገብ ቤት ዛሬ ካሴት፣ ነገ የስቱዲዮ ሪል፣ ከነገ ወዲያ ሸክላ ስለሚገባለት ለሁሉም የሚሆን ሚዛን ቢገዛ አይፈረድበትም። 1808 ከዚያ መመሪያ በታች ነው፤ ይህም ሳይሸሸግ ይነገር።

በገናም ሌላ ነገር ነው። አሥሩ አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚነካኩበት ቦታ በሚገባው የቆዳ እንዚራ ምክንያት የሚወጣው ንዝረት ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በአንድነት ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ላይ መሣሪያው ለስለስ ያለ ነው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1972 የደርዳሪውን የዓለሙ አጋን በገና ለዩኔስኮ ስብስብ ስትቀርጽ በእጇ የነበረው ክር ነው። ዛሬ አንድ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ደርዳሪ አስቀምጦ በጥሩ ማይክ ልቅረጽ ቢል፣ ከተገኘ መካከለኛውን መንገድ ኤኬ 5386 ይሰጠዋል፤ 110 ዴሲቤል፣ እንደ 1808 በአንድ ሽቦ የሚቀበል፣ እግሩም 16 ብቻ። እጁ ከጠና ሲኤስ 5381 አለለት። በካሴት ላይ ትርፍ የሆነው ዴሲቤል እዚህ ሥራ ያገኛል።

ልጁ ስልኩ ላይ ሁለቱን ስሞች ሰርዞ 1808ን አስቀረ። የካሴቱ 60 ደቂቃ በ48 ሺህ ናሙናና በ24 ቢት አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል፤ ተራ ፍላሽ ይበቃዋል። የሚቀዳውም በሙሉ 60 ደቂቃው ነው፤ ማፍጠን አይበጅም፣ ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ።

«ሰሌዳህ እስኪደርስ ካሴቱ እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ሙቀት አይነካውም» አሉ ጠጋኙ። ከዚያ ካሴቱን ገልብጠው ከኋላ ጠርዙ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በመፍቻው ጫፍ ሰበሩ።

እርስዎም በሣጥንዎ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ከማሰብዎ በፊት እነዚያን ሁለት ጥርሶች ይስበሩ፤ ያኔ ማንም ተሳስቶ ሌላ አይቀዳበትም። በመኪና ቴፕም አይሞክሩት።